በአባላት የተፈተነ ነው የሚለው ማኅተም ለነጋዴ ምን ያህል ይታመናል?

ከውጭ አገር በሚመጡ ዕቃዎች ሣጥን ላይ ልዩ ልዩ ማኅተም ታትሞ ማየት የተለመደ ሆኗል። አንዳንዱ በሁለት የላቲን ፊደል ብቻ የተጻፈ ነው፤ አንዳንዱ ኮከብ ወይም አክሊል የተሣለበት ነው፤ አንዳንዱም «በአባላት ተፈትኖ የተመሰገነ» የሚል ቃል በክብ መስመር ተከቦ ይታይበታል። ዕቃ አስመጪው ይህን ምልክት በካታሎግ ላይ ሲያገኝ ዋጋው ከፍ ቢልም ለመግዛት ይደፍራል፤ ባለ ሱቁም ለደንበኛው በጣቱ እያመለከተ ይሸጥበታል። ዳሩ ግን ማኅተሙን የሰጠው ማን እንደ ሆነ፣ ዕቃውን በምን ዐይነት ፈተና እንዳሳለፈው፣ ፈተናውም ከንቱ ሆኖ ቢገኝ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚጠይቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ለመግለጽ የተዘጋጀ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

በመጀመሪያ በአባላት የተፈተነ ስለሚባለው እንናገር። በአሜሪካ የቤት ጥገናና የእንጨት ሥራ የሚወዱ፣ አደን የሚያዘወትሩ፣ ወይም አትክልት የሚተክሉ ሰዎች በክበብ ተሰብስበው የአባልነት ገንዘብ እየከፈሉ መጽሔት የሚቀበሉበት ልማድ አለ። አንድ ፋብሪካ አዲስ መሰርሰሪያ ወይም መጋዝ ሲያወጣ ጥቂት ፍሬ ለክበቡ ይልካል፤ ክበቡም ለተመረጡ አባላት ያድላል። አባሉ ለጥቂት ሳምንታት ከሠራበት በኋላ የጥያቄ ወረቀት ሞልቶ ይመልሳል፤ መሣሪያው ግን ለራሱ ይቀርለታል። ካመሰገኑት ቁጥራቸው ከበለጠ ማኅተም ይሰጣል፤ ፋብሪካውም በማስታወቂያውና በሣጥኑ ላይ ያትመዋል። አማዞን የተባለው ታላቅ የንግድ ድርጅትም ከ2007 ጀምሮ «ቫይን» በሚል ስም ለተመረጡ ደንበኞች ዕቃ በነጻ እየሰጠ አስተያየታቸውን እንዲጽፉ ማድረጉ የዚሁ ልማድ ዘመድ ነው።

ይህን አሠራር ከንቱ ነው ብሎ መናቅ ፍትሕ አይሆንም። በእጁ የሚሠራ ሰው በቤተ ሙከራ ያለው መሐንዲስ የማያየውን ያያል። እጀታው መዳፍ የሚልጥ መሆኑን፣ ቁልፉ በጓንት የማይነካ መሆኑን፣ የአጠቃቀም መመሪያው ለመረዳት የሚያስቸግር መሆኑን የሚነግረን እርሱ ነው። እንዲህ ባለው ነገር ላይ የዐሥር አናጢዎች ቃል ከአንድ የምስክር ወረቀት ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገር ግን አባሉ ሊያውቀው የማይችለው ነገር ብዙ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሞተር ሽቦ ልባስ በሙቀት መበላሸቱ አይታይም፤ የባትሪ ዕድሜም አይታወቅም፤ መለዋወጫው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገኝ መሆን አለመሆኑም አይገለጽም። ሁለተኛም፣ የተሰጠውን ዕቃ በነጻ ያስቀረ ሰው፣ ምንም እንኳ ሐቀኛ ቢሆን፣ ከገንዘቡ ከፍሎ እንደ ገዛው ሰው አይቈጣም። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ይመስለኛል፦ የሚፈተነውን ዕቃ መርጦ የላከው ራሱ አምራቹ ነው። ለፈተና የሚላክ ዕቃ ደግሞ ተመርጦና ተወልውሎ እንደሚላክ ለነጋዴ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

በቁጥር ረገድ ያለውንም ጉድለት በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ከአንድ ፋብሪካ ከሚወጣው መሣሪያ ከመቶው 5 ጉድለት ያለበት ነው እንበል። ይህ ለባለ ሱቅ ከባድ ኪሳራ ነው፤ ከ200 ፍሬ 10 ተመላሽ ማለት ነውና። ዐሥር አባላት አንዳንድ ፍሬ ያለ ምርጫ ደርሷቸው ቢፈትኑ፣ ዐሥሩም ደኅናው ደርሷቸው አንድ ስንኳ ጉድለት ሳያዩ የሚቀሩበት ዕድል ከመቶ 60 ያህል ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ሳይዋሽ፣ ማንም ጉቦ ሳይበላ፣ ማኅተሙ በመጥፎ ዕቃ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ደግሞም ባለ ሱቁ የሚያየው የጸደቀውን ብቻ መሆኑ መታወቅ አለበት። ስንቱ ቀርቦ ስንቱ እንደ ወደቀ በሣጥን ላይ አይታተምም። ከቀረበው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚጥል ፈታኝና የቀረበውን ሁሉ የሚያሳልፍ ፈታኝ የሚሰጡት ማኅተም በመልክ አንድ ነው።

ማኅተም ሰጪዎች ራሳቸው ተከሰው ያውቃሉ። «ጉድ ሃውስኪፒንግ» የተባለው የአሜሪካ የቤት እመቤቶች መጽሔት በ1900 የሙከራ ክፍል አቋቁሞ ዕቃ መፈተን ጀመረ፤ በ1909 ደግሞ «ተፈትኖ የጸደቀ» የሚለውን ማኅተም አወጣ። ማኅተሙ ከመታወቁ የተነሣ ብዙ ሴቶች እርሱ የሌለበትን ዕቃ ለመግዛት እስከ ማመንታት ደረሱ። መጽሔቱ ግን ገቢውን የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነበር፤ ማኅተሙን የሚይዙትም በመጽሔቱ ላይ ማስታወቂያ የሚያወጡት ነበሩ። በ1939 የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን መጽሔቱን ከሰሰ፤ በ1941ም አሳሳች የሆነውን አነጋገር እንዲተው አዘዘ። ከዚህ በኋላ መጽሔቱ «ተፈትኖ የጸደቀ» ማለቱን ትቶ፣ ዕቃው እንደ ተነገረለት ሆኖ ባይገኝ ገንዘብ እመልሳለሁ ወይም ሌላ እተካለሁ ወደሚል የዋስትና ቃል ተዛወረ።

ይህ ለውጥ ተራ የቃላት ለውጥ እንዳይመስለን። የመጀመሪያው ማኅተም አስተያየት ነበር፤ ሁለተኛው ዕዳ ሆነ። አስተያየት የሰጠ ሰው ቢሳሳት «እንዲያ መስሎኝ ነበር» ይላል፤ ዋስትና የሰጠ ግን ይከፍላል። የዋስትናው ነገር ጠባብ ሆኖ የቀረ የመሰላቸውም ነበሩ፤ ሆኖም በ1969 የካሊፎርንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህንኑ ማኅተም የያዘ ጫማ ገዝታ በቤቷ ወለል ላይ አንሸራቷት የተጎዳች አንዲት ሴት ያቀረበችውን አቤቱታ ተቀብሎ፣ ማኅተም ሰጪው ዕቃውን ሳይሠራውና ሳይሸጠው እንኳ በቸልተኝነት ከመሰከረ ሊጠየቅ እንደሚችል በየነ። በቅርቡም፣ በ2024፣ የዚያው አገር የንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየት መሸጥና መግዛትን፣ እንዲሁም «ካመሰገንህ እከፍልሃለሁ» ማለትን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። ደንቡ መውጣቱ ራሱ ሽያጩ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የማኅተም ታማኝነት ከምን እንደሚመነጭ ለመረዳት ከመርከብ ንግድ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በለንደን በኤድዋርድ ሎይድ ስም በሚጠራው ቡና ቤት ይሰበሰቡ የነበሩ ሰዎች በ1760 መርከቦችን መርምሮ በመዝገብ የሚያሰፍር ማኅበር አቋቋሙ። ከእነርሱም ዋነኞቹ የባሕር መድን ሰጪዎች ነበሩ። መርከብ ከነጭነቱ ቢሰጥም ካሣ ከፋዮቹ እነርሱ ናቸውና፣ የትኛው መርከብ የበሰበሰ፣ የትኛው ጠንካራ እንደ ሆነ ማወቅ ለእነርሱ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። የመርከቡን አካል በአምስት ፊደሎች፣ መልሕቁን፣ ገመዱንና ሸራውን ደግሞ ደኅና፣ መካከለኛና መጥፎ በሚል ደረጃ እየለዩ ጻፉ። በኋላ የመሣሪያው ደረጃ በቁጥር ተተካና «ኤ 1» የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ምልክት ከዚያ ወጣ። እነሆ፣ ይህም በአባላት የተፈተነ ነው፤ ነገር ግን እነዚህ አባላት መርከቡን በስጦታ አልተቀበሉም። ቢሳሳቱ ከኪሳቸው የሚከፍሉ አባላት ነበሩ።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መድን ሰጪዎቹ የደረጃውን አሰጣጥ ለውጠው የመርከቡን ዕድሜና የተሠራበትን ቦታ ዋና መመዘኛ አደረጉ፤ በለንደን በቴምዝ ወንዝ ዳር የተሠራ መርከብ ከሌላ ቦታ ከተሠራው ይልቅ ለረጅም ጊዜ ከፍተኛውን ደረጃ ይዞ እንዲቈይ ፈቀዱ። የመርከብ ባለቤቶች በዚህ ተቈጥተው በ1799 የራሳቸውን መዝገብ አወጡ። የመድን ሰጪዎቹ «አረንጓዴው መጽሐፍ»፣ የባለቤቶቹ «ቀዩ መጽሐፍ» ተባለ። አንድ መርከብ በአንዱ መጽሐፍ ሌላ፣ በሌላው መጽሐፍ ሌላ ደረጃ ሊያገኝ ቻለ። ሁለቱ መጻሕፍት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲፎካከሩ ኖረው ሁለቱም ለኪሳራ ሲቃረቡ በ1834 ተዋሐዱ፤ በአዲሱ ኮሚቴም መድን ሰጪዎች፣ የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች አብረው ተቀመጡ። ከሳሽም ተከሳሽም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ደረጃው ለማንም ወገን እንዳያጋድል መጠበቅ ተቻለ። ያ መዝገብ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል።

የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚነግዱ ሁሉ የሚያውቁት «ዩ ኤል» የተባለው የአሜሪካ ምልክትም ከመድን ሰጪዎች ቤት የተወለደ ነው። ዊሊያም ሄንሪ ሜሪል የተባለ ወጣት መሐንዲስ በ1893 በቺካጎ ለተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር እሳት እንዳያስነሣ ለመመርመር ወደዚያ ሄደ፤ በ1894 በመድን ሰጪዎች ገንዘብ ትንሽ የሙከራ ቤት ከፈተ፤ ይህም በ1901 ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። የዚህ ምልክት ብርታት ፈተናው በአንድ ቀን የማያልቅ መሆኑ ነው። ምልክቱን የያዘ ፋብሪካ መርማሪ ሳያስታውቅ እየገባ የሚሠራውን ዕቃ ከተፈተነው ጋር ያስተያያል። ዛሬ የዚህ ድርጅት የንግድ ክንፍ ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ሆኖ ከ2024 ጀምሮ አክሲዮኑ በኒው ዮርክ ገበያ ይሸጣል። መድን ሰጪዎች ያቆሙት ቤት ባለ አክሲዮኖችን ሲያገለግል ጥብቅነቱ ይጸና እንደ ሆነ ነጋዴ በዐይኑ ሊከታተለው የሚገባ ነገር ነው።

በገበያችን በብዛት ስለሚታዩ ሁለት ምልክቶች በአጭሩ ልናገር፤ ስለ እነርሱ ያለው ስሕተት ብዙ ነውና። «ሲ ኢ» የሚለው የአውሮፓ ምልክት የጥራት ሽልማት አይደለም። አምራቹ «ዕቃዬ የአውሮፓን ሕግ ያሟላል» ብሎ የሚሰጠው የራሱ ቃል ነው፤ በብዙ የዕቃ ዐይነት ላይ ሦስተኛ ወገን ሳይመረምር አምራቹ ራሱ ይለጥፈዋል። «አይ ኤስ ኦ 9001» ደግሞ የሚናገረው ስለ ፋብሪካው የሥራ አመራር ሥርዓት እንጂ ከፋብሪካው ስለሚወጣው ዕቃ አይደለም። ደካማ ዕቃ እሠራለሁ ብሎ ወስኖ ያንኑ ደካማ ዕቃ በሥርዓትና በመዝገብ የሚሠራ ፋብሪካ ይህን ምስክር ሊያገኝ ይችላል። የአይ ኤስ ኦ ድርጅት ራሱ ለማንም ምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ ስለዚህ «አይ ኤስ ኦ መረመረን» የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ ያታልላል።

አስቀድሞ ቀን ቈርጦ የሚደረግ ምርመራ ወዴት እንደሚያደርስም በፈረንሳይ ታይቷል። ለሴቶች ጡት የሚተከል ሰው ሠራሽ አካል ይሠራ የነበረ «ፒ አይ ፒ» የተባለ ኩባንያ፣ ለሕክምና በተፈቀደው ፈንታ ለኢንዱስትሪ የሚውል ሲሊኮን ሲጠቀም ብዙ ዓመት ቈየ። የአውሮፓ ምስክር ወረቀት ነበረው። መርማሪዎቹ የሚመጡበትን ቀን ያውቅ ስለ ነበረ የተከለከለውን ደብቆ የተፈቀደውን ያሳያቸው ነበር። በ2010 የመንግሥት ተቈጣጣሪዎች ጉዳዩን እስኪደርሱበት ድረስ ማኅተሙ ዝም ብሎ ይታተም ነበር።

ከአምራች ገንዘብ የማይነካ ፈታኝስ የለምን? አለ። በ1936 በአሜሪካ የተቋቋመው «ኮንሲዩመር ሪፖርትስ» የተባለው የሸማቾች ድርጅት የአምራቾችን ማስታወቂያ አይቀበልም፤ የሚፈትነውን ዕቃ ራሱን ሳያስተዋውቅ ከሱቅ በዋጋው ይገዛል፤ ስሙም ለማስታወቂያ እንዳይውል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲከለክል ኖሯል። ይህን ያህል የተጠነቀቀው ድርጅት እንኳ በ2007 መጀመሪያ ላይ 12 የሕፃናት የመኪና መቀመጫዎችን ፈትኖ 10ሩ ወደቁ ብሎ ካተመ በኋላ፣ ፈተናውን ያካሄደለት የውጭ ቤተ ሙከራ በሰዓት 38 ማይል ሊሆን የሚገባውን የግጭት ፍጥነት ወደ 70 ማይል አሳልፎ እንደ ነበረ ተገኘ። ድርጅቱ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ዘገባውን በይፋ ሰረዘ። እኔ ይህን የምጠቅሰው ድርጅቱን ለመንቀፍ አይደለም። ፈተናው እንዴት እንደ ተደረገ በዝርዝር ተጽፎ ስለ ነበረ ሌሎች ሊደግሙትና ስሕተቱን ሊያገኙት ቻሉ። «አባሎቻችን ወደዱት» የሚለው ቃል ግን የሚደገም ነገር የለውም፤ ስለዚህ ስሕተት ነው ተብሎ ሊታረምም አይችልም።

አሁን ወደ አገራችን ገበያ እንመለስ። በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የውጭ አገር ፋብሪካ የኤሌክትሪክ የውሃ ፓምፕ አስመጥቶ ነበር። አስቀድሞ የመጡት ሁለት ናሙናዎች በጣም ደኅና ነበሩ፤ በሣጥኑም ላይ የፈተና ማኅተም ነበረበት። ጭነቱ ደርሶ መሸጥ ከጀመረ በኋላ በሁለተኛው ወር ከመቂ አካባቢ ሽንኩርት የሚያለማ አንድ ገበሬ የተቃጠለ ፓምፕ ተሸክሞ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ ፈረንጅኛውን አላነብም፤ እርስዎ ማኅተሙን ቢያሳዩኝ አምኜ ገዛሁ፤ ችግኜ በፀሐይ አለቀ» አላቸው ለነጋዴው። ነጋዴው ሌላ ፓምፕ ሰጥተው ከሸኙት በኋላ የተቃጠለውን መርካቶ ሞተር ለሚጠቀልል ባለሙያ አስከፈቱት። ሽቦው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። ከናሙናዎቹ አንዱ ተከፍቶ ሲታይ ግን ንጹሕ መዳብ ነበረ። ለፋብሪካው በጻፍሁት ደብዳቤ ላይ የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ ማኅተሙ የተሰጠው ለሞዴሉ ነው፤ የሞዴሉ ቁጥርም አልተለወጠም።

ይህ መልስ በሕግ ረገድ ምን ያህል እንደሚጸና ለጠበቆች እተወዋለሁ፤ ለነጋዴ ግን ዐይን ገላጭ ነው። ማኅተም ለሞዴል ይሰጣል፤ ነጋዴ የሚገዛው ግን ጭነት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል ሚዛን ይበቃ ነበር። አሉሚኒየም በክብደት ከመዳብ ሢሶ አይሞላም፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታውም ከመዳብ ከመቶ 60 ያህል ነው። ስለዚህ ናሙናውንና ከጭነቱ የወጣውን ፓምፕ በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ብቻ ልዩነቱን በአንድ ደቂቃ ያጋልጣል። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የእያንዳንዱ ናሙና ክብደት በመዝገብ ይጻፋል፤ በትእዛዙም ላይ «የሞተሩ ሽቦ ንጹሕ መዳብ» የሚል ቃልና የአንዱ ፍሬ ክብደት በኪሎ ይገባል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ዕቃ አስመጪዎች ስለ ባንክ ሊያስታውሱት የሚገባ ነገር አለ። በኤል ሲ የሚከፈል ገንዘብ የሚለቀቀው ሰነድ ታይቶ ነው። ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የባንኮች ደንብ ባንኮች ከሰነድ እንጂ ከዕቃ ጋር ጉዳይ እንደሌላቸው በግልጽ ይናገራል። የማኅተም ሥዕል በሣጥን ላይ መታተሙ ለባንክ ምንም አይደለም። ዕቃ አስመጪው ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ነጻ መርማሪ ከጭነቱ መካከል ራሱ መርጦ መርምሮ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን በኤል ሲው ካስጻፈ ግን፣ ያ ወረቀት ካልቀረበ ገንዘቡ አይወጣም። ወጪ አለው፤ ለትንሽ ጭነት አያዋጣም፤ ለትልቅ ጭነት ግን ከአንድ የተቃጠለ ስም ይረክሳል።

መልካም ምሳሌም በአጠገባችን አለ። በገጠር የምንሸጣቸው የፀሐይ ብርሃን ፋኖሶች ገበያ በመጀመሪያ በደካማ ዕቃ ሊበላሽ ደርሶ ነበር። የዓለም ባንክና አይ ኤፍ ሲ «ላይቲንግ አፍሪካ» በሚል ስም የጀመሩት፣ ከ2020 ወዲህ ደግሞ «ቬራሶል» በሚል ስም የሚታወቀው የጥራት ማረጋገጫ ለፈተና የሚውለውን ፋኖስ አምራቹ መርጦ እንዲልክ አይፈቅድም፤ ከመጋዘን ወይም ከገበያ ያለ ምርጫ ይነሣል። የተፈተነው ውጤት ስንት ሰዓት እንደሚያበራ፣ የባትሪው ዐቅም ምን ያህል እንደ ሆነ በቁጥር ተጽፎ በይፋ ይወጣል፤ ውጤቱም የሚጸናበት ጊዜ የተወሰነ ስለ ሆነ ከጊዜው በኋላ ይታደሳል። ባለ ሱቁ የሞዴሉን ስም በዝርዝሩ ውስጥ ማየት ይችላል። «ቬራሶል» የሚለውን ቃል በሣጥን ላይ ያነበበ ሁሉ ግን በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ሳያረጋግጥ እንዳይገዛ፤ ስም መስረቅ ከሽቦ መለወጥ ይቀላልና።

በአገራችንም ቀድሞ በአንድ ባለሥልጣን ጥላ ሥር የነበሩት ደረጃ የማውጣት፣ የመመርመር፣ የመለኪያ መሣሪያን የማረጋገጥና መርማሪውን ራሱን የመመዘን ሥራዎች ለአራት ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች መከፋፈላቸው ከዚሁ ምክንያት የተነሣ ነው። ደንቡን የጻፈው እጅ ራሱ ሲፈርድበት ሐሜት አይጠፋም።

ዕቃ ላኪዎቻችን ደግሞ ነገሩን ከሌላው ወገን ሆነው ያውቁታል። ቡናችን በጉድለቱ ብዛትና በቀመሳ ደረጃ ይወጣለታል፤ ቀማሾቻችንም የተመሰገኑ ናቸው። ሆኖም በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አግኝታ ግዢዋን እጅግ ቀነሰች። ብዙዎች ቅሪቱ ከማሳው ሳይሆን ከተጫነበት ከረጢት እንደ መጣ አመለከቱ። በቀማሹ ማንኪያ ላይ ይህ አይታወቅም ነበር። የደረጃው ምስክር ወረቀት ሐሰት አልነበረም፤ ስለ ከረጢቱ ግን ምንም አልተጠየቀም ነበር። ስለዚህ ላኪውም አስመጪውም አንድን ማኅተም ሲያዩ ምን እንደ ተፈተነ ብቻ ሳይሆን ምን ሳይፈተን እንደ ቀረ ማንበብ አለባቸው።

በመጨረሻ፣ እኛ ነጋዴዎችስ የራሳችን የአባላት ፈተና ቢኖረን ምን ይከፋል የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አሠራሩ ግን ከላይ ከተነገረው መማር ይኖርበታል። የሚፈተነው ዕቃ ከአስመጪው መጋዘን በስጦታ የተላከ ሳይሆን ከተራ ሱቅ በገንዘብ የተገዛ መሆን አለበት፤ ገንዘቡም ከአባላት መዋጮ እንጂ ዕቃው ከሚመሰገንለት ነጋዴ መምጣት የለበትም፤ የዚያ ዕቃ አስመጪም በዚያ ዕቃ ፍርድ ላይ መቀመጥ አይገባውም። የወደቀውም ከጸደቀው እኩል መታተም አለበት። ለማኅተም ከመቸኰል ይልቅ ግን ከዚህ የሚቀድም፣ ወጪውም አንድ ደብተር ብቻ የሆነ ሥራ አለ። እያንዳንዱ ባለ ሱቅ የተመለሰለትን ዕቃ ይመዝግብ፦ የዕቃው ስምና የሞዴሉ ቁጥር፣ የመጣበት ጭነት፣ የተሸጠበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን፣ የተበላሸው ክፍል፣ ከዚያው ዕቃ የተሸጠው ጠቅላላ ቁጥር። የመጨረሻው ዐምድ እንዳይዘነጋ፤ ሦስት ተመላሽ ከ10 ውስጥና ሦስት ተመላሽ ከ1,000 ውስጥ አንድ አይደሉምና። የሃያ ሱቆች ደብተር በየሦስት ወሩ ቢደመር፣ ተፎካካሪ ተፎካካሪውን ለመጉዳት እንዳይጽፍ የተመለሰው ዕቃ ራሱ ወይም የጥገና ደረሰኙ አብሮ ቢታይ፣ ዐሥር አባላት በሦስት ሳምንት የማያገኙትን በአንድ ዓመት ውስጥ እናገኘዋለን።